ሦስተኛው ኩባያ

«የእናትሽ ሰውነት እንዴት ነው? ቀጭን፣ መካከለኛ፣ ወፍራም፣ በጣም ወፍራም።»

«በጣም ወፍራም» አለች ኢዲል።

እናቷ ሃዎ ከመጋረጃው ኋላ ሻይ ልትቀዳ ያነሳችውን ፔርሙዝ መልሳ አስቀመጠችው። ኢዲልና ጠያቂዋ በረንዳው ላይ በሁለት የፕላስቲክ ወንበር ተቀምጠዋል። ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው፤ የትናንቱ ሙቀት ገና ከግድግዳው አልወጣም። ጠያቂዋ ዚነት ትባላለች። በየስድስት ወሩ ሚዛኗን በቦርሳ ይዛ ወደ መጋላ ትመጣለች፤ ከሁለት ዓመት በፊት የተመዘገቡትን የሰፈሩን ወጣት ሴቶች እየዞረች ትመዝናለች፣ ትጠይቃለች፣ ትጽፋለች። ዛሬ ቀጭን ከሆኑት ልጆች መካከል ነገ የምትወፍረው የትኛዋ እንደሆነች፣ ለምንስ እንደምትወፍር አስቀድሞ ማወቅ ይቻል እንደሆነ የሚመረምር ጥናት ነው። ኢዲል ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ሸሚዝ ትሰፋለች። ሰርቪሱ አንድ ሰዓት ላይ ስለሚወስዳት ዚነት ሁልጊዜ በማለዳ ነው የምትይዛት።

«ቁርስ ትበያለሽ?»

«አልበላም።»

«ምሳ?»

«እዚያው ፋብሪካ። አንዳንዴ ደግሞ ለስላሳ ጠጥቼ እውላለሁ።»

«እራት?»

«ትቻለሁ። ዓመት አለፈው መሰለኝ።»

«ምክንያት፤ ጊዜ ማጣት፣ የምግብ እጥረት፣ ውፍረትን መፍራት፣ ሌላ።»

ኢዲል ወደ ግቢው ዞረች። በግቢው በወዲያኛው ጫፍ አንድ ሰው ባልዲ ሲጎትት ይሰማል።

«ውፍረትን መፍራት በይው» አለች።

ሃዎ መጋረጃው ከበሩ መቃን በሚለይበት ቀጭን ክፍተት በኩል አየች። ዚነት ጉልበቷ ላይ ባስቀመጠችው ወረቀት ላይ ምልክት አደረገች። የያዘችው እርሳስ ነው፤ በቂጡ ላይ ቀይ ላጲስ ያለበት። ከዚያ ሚዛኑን ሲሚንቶው ላይ አስቀመጠችና ኢዲል ጫማዋን አውልቃ ወጣችበት። አርባ ስምንት ከስድስት። ባለፈው ሃምሳ ሦስት ነበረች።

«ሙቀቱ ነው» አለች ኢዲል።

«አቦ ተይኝ፤ ሙቀት ሥጋ ቢያቀልጥ ድሬ ላይ ሰው ይኖር ነበር? ስሚ፣ እኔ ጠግበው የሚበሉትን አይደለም የምፈራው። እንዳንቺ እራት የሚዘሉትን ነው። ሰውነት ቂመኛ ነው፤ ከነፈግሽው፣ ያገኘ ቀን ለክፉ ጊዜ ብሎ ያከማቻል። ከሁለት ዓመት በኋላ ስመጣ በዚህ በር አትገቢም።»

ኢዲል ሳቀች። የሰርቪሱ ጥሩምባ ከመንገዱ ተሰማ። ሁለቱም ብድግ አሉ። ዚነት ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ እየጣለች ወደ መጋረጃው ድምፅዋን ከፍ አደረገች፤ «አዴ ሃዎ! የቤተሰቡ ገጽ እስካሁን ባዶ ነው። ሁለቴ ነገ ብለሽኛል።»

«ነገ» አለች ሃዎ ከውስጥ።

ግቢው ጸጥ ካለ በኋላ ወጣች። በፌስታል ጠቅልላ የጫማ መደርደሪያው ላይ ያስቀመጠችው ዳቦ በእንቁላል እዚያው አለ። በዚህ ሳምንት ሦስተኛው ነው። ልጅቱ ረስታው እንዳልሄደች ታውቃለች፤ ጫማዋን ስታነሳ ፌስታሉን በእጇ ገፋ ማድረግ ነበረባት። ሃዎ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች፤ ወንበሩ እንደ ልማዱ ጮኸ። በእናትና ልጅ መካከል ጠብ የለም። ኢዲል ማታ ስትመለስ ግንባሯን ትስማታለች፣ ስለ ቡድን መሪዋ ቁጣ ትነግራታለች፣ ውሃ ታመጣላታለች። ትሪው ሲቀርብ ግን «በልቻለሁ ሆዮ» ብላ፣ እናቴ ማለቷ ነው፣ ወደ ውስጠኛው ክፍል ትገባለች። ሃዎ መጀመሪያ አምናት ነበር። በኋላ የፋብሪካው ድካም ነው አለች። ከዚያ አንድ የወደደችው ልጅ ይኖር ይሆናል ብላ አሰበች፤ ቀጭን የሚወድ ወንድ በዚህ ዘመን አይጠፋም። ዛሬ ጠዋት ግን ምክንያቱን በራሷ ጆሮ ሰማች፤ ምክንያቱ እዚህ ወንበር ላይ የተቀመጠችው እሷ ራሷ ነበረች።

ከሁሉ ይልቅ የከነከናት «በጣም» የሚለው ቃል አልነበረም። መስታወት አላት። የቁም ሳጥኑ መስታወት ድሮ ከነባሏ ያሳያት ነበር፤ አሁን ብቻዋን ይጠባታል። የከነከናት ዚነት የጨመረችው ነገር ነው። ልጅቱ እናቷን እንዳትመስል ብላ እራት ትዘላለች፤ እራት የሚዘሉት ደግሞ ኋላ የሚወፍሩት ናቸው። እንግዲያ ኢዲል የምትሸሽበት መንገድ ዞሮ እዚሁ ወንበር ላይ ያመጣታል። ወደ ጉልበት ሕመም፣ ወደ ደረጃ መፍራት፣ ሃዎ ጠዋት ጠዋት ወደምትውጠው የደም ግፊት ኪኒን። ይህ ሁሉ ደግሞ ወረቀት ላይ ሰፍሯል። አላህ የጻፈውን ሰው አይፍቀውም። የዚነት ግን በእርሳስ ነው።

የቤት ልብሷን ለውጣ፣ ጥቁሩን ሻርፕ ተከናንባ፣ በሩን ቆልፋ ወጣች።

የኑርቶ ሱቅ የጠባቡ መንገድ አፍ ላይ ነው። ኑርቶ ከሩዝ ጆንያዎቿ መካከል ተቀምጣ ለሰፈሩ ሁሉ መውጫና መግቢያ ምስክር ናት። «ሃዎ! ቀስ ብለሽ እርገጪ፣ ኮብልስቶኑ አዲስ ነው» አለቻት። አግዳሚው ላይ የተቀመጡት ሁለት ሴቶች ሳቁ። ሃዎም ሳቀች፤ እንዲህ ሲባል መሳቅ ከለመደች ቆይታለች። «ሩዝ መቶ ሃምሳ ገባ፤ እንዳትደነግጪ ብዬ ነው ቀድሜ የምነግርሽ። አራት ኪሎሽን ልመዝንልሽ?» ሃዎ ስመለስ አለች። «ወላሂ አንድ ነገር ይገርመኛል» አለች ኑርቶ፣ «ሁለት ሰው ናችሁ፤ አራት ኪሎ በሳምንት። ጂኒ ትቀልቢያለሽ እንዴ?» ሴቶቹ እንደገና ሳቁ። ሃዎ በዚህኛው አልሳቀችም፤ መንገዷን ቀጠለች። ኑርቶ ክፉ ሴት አይደለችም። ባሏ ሞቶ ሃዎ አራት ወር ከአሥር ቀን የሐዘን ዒዳዋን ስትቀመጥ በየቀኑ ሳህን ይዛ የመጣችው እሷ ነበረች፤ ካልበላሽ አልነሳም እያለች። ከዚያ ሃዎ ዒዳዋን ጨርሳ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ውጭ ስትወጣ «ሀዘኑ ተስማማት» ሲባል የሰማችው ግን እዚሁ አግዳሚ ላይ ነው። ማን እንዳለው ዞራ አላየችም። ቀሚሱ ከብብቷ ሥር እንደተተረተረ ግን ያን ጊዜ አወቀች።

የደቻቱ ወንዝ ደርቋል። ከድልድዩ በታች አሸዋው ላይ ልብስ ሻጮች ድንኳናቸውን ወጥረዋል፤ አንድ ሰው ሁለት ግመሎች አስከትሎ በመሃል ይሄዳል። ሃዎ ድልድዩን በእግሯ ልትሻገር አስባ ነበር፤ ግማሹ ላይ ጉልበቷ እምቢ አለ፤ ብረቱን ይዛ ቆመች። ባሏ ዓብዱልአዚዝ በሕይወት ሳለ ከባቡር ጥገናው ሲመለስ ሁልጊዜ በዚህ ድልድይ በእግሩ ይሻገር ነበር፤ ብረቱን በውሃ መጠጫ ኩባያው ጫፍ እየመታ። ስለዚህ ነገር ለማንም ተናግራ አታውቅም። ባጃጅ ጠራች።

«እናት፣ መሃል ላይ ሁኚልኝ» አላት ሹፌሩ፣ ጥርሱ በጫት የወየበ ጎልማሳ። «ወደ ዳር ካልሽ እንገለበጣለን። ደግሞ ሌላ ሰው ስለማልጭን ሂሳቡ የሁለት ሰው ነው።»

«ነዳጅህን እኔ አልጠጣው። ንዳ።»

«አልተቆጣሽም አይደል?»

«ቁጣዬንም ብትጭነው ጎማህ ይተኛል።»

ሰውየው እስከ ጤና ጣቢያው ድረስ ሲስቅ ሄደ፤ ስትወርድም የአንድ ሰው ብቻ ተቀበላት።

ጤና ጣቢያው ግቢ ውስጥ ሕፃን ያቀፉ እናቶች በዛፉ ጥላ ልክ ተሰልፈዋል፤ ጥላው ሲዞር ሰልፉም ይዞራል። ዚነት ከመዝገብ ክፍሉ አጠገብ ባለች ትንሽ ክፍል ውስጥ ነበረች። ከጠረጴዛው በላይ ቬንቲሌተር ይዞራል፤ እያንዳንዱ የወረቀት ክምር ላይ እንዳይበር ድንጋይ ተቀምጦበታል። ግማሽ ሳምቡሳ አፏ ውስጥ ነበር። ሃዎን ስታይ ደንግጣ ተነሳች።

«ኢዲል ምን ሆነች?»

«ምንም። ሥራ ላይ ናት።» ሃዎ ወንበሩን አየችው፤ ይችላት እንደሆነ መዘነችና ተቀመጠች። «ያ እርሳስሽ ላጲስ አለው አይደል?»

«አለው።»

«እንግዲያ የኔን መስመር አጥፊልኝ። ጠዋት የጻፍሽውን። መካከለኛ በይው። ወይ ባዶውን ይቅር።»

ዚነት ሳምቡሳውን ዋጠች። አልሳቀችም፤ ሃዎ በኋላ ስታስበው ለዚህ ነው የወደደቻት። «አዴ ሃዎ፣ የልጅሽን መልስ ካንቺ ጋር አላወራም። ለሁሉም ልጆች ቃል ገብቻለሁ።»

«አታውሪ። ከመጋረጃ ኋላ ሆኜ ሁሉንም ሰምቻለሁ፤ ጥፋቱ የኔ ነው። እኔ የመጣሁት ስለ ራሴ ነው። የኔን ሰውነት አጥፊው። እንደኔ እንደምትሆን ወረቀት ላይ ተጽፎ እንዲቀመጥ አልፈልግም።»

«ይሄ ትንቢት አይደለም እኮ። አርባ መስመር ነው፤ እናት አንዷ መስመር ናት። ተቀምጦ መሥራት አለ፣ እንቅልፍ ማጣት አለ፣ ለስላሳ አለ፣ ጭንቀት አለ። እናቷ ወፍራም ሆና እሷ እንደ ሸንበቆ የቀረች ስንት አለች። እውነቱን ልንገርሽ? ካንቺ ይልቅ ባዶ ሆድ ማደር ነው የሚያስፈራኝ።»

«እኮ!» አለች ሃዎ፤ ድምፅዋ ከፈለገችው በላይ ወጣ። «ባዶ ሆዷን የምታድረው እኔን ፈርታ ነዋ።»

ቬንቲሌተሩ ዞረ። ዚነት እርሳሱን በጣቶቿ መካከል ወዲያና ወዲህ አደረገችው። ላጲሱን ግን ወረቀት ላይ አላሳረፈችውም። በመጨረሻ ከአንዱ ክምር ላይ ድንጋዩን አንስታ አንድ ገጽ ሳበች፤ ከላዩ የቤት ቁጥር ብቻ ተጽፎበታል። «የሰማሽውን ላጠፋልሽ አልችልም» አለች። «ግን መጥተሻል። ይህን ባዶውን እንሙላው። ላንቺ የተዘጋጀው ይሄ ነው።» ከዚያ ድምፅዋን የመሥሪያ ቤት አደረገችው። «በቤትዎ ውስጥ ስንት ሰው ይኖራል?»

«ምን እርስዎ ያሰኝሻል?»

«እንዲህ ነው የተጻፈው። እሺ፤ ስንት ናችሁ?»

«ሁለት።»

«የቤቱ ኃላፊ?»

ሃዎ አፏን ከፍታ ዘጋች። «እኔ» አለች።

«ከሁለት ዓመት በፊት ክብደትሽ ስንት ነበር?»

«እኔ አላውቅ፤ ልብሴ ያውቃል።»

ዚነት ፈገግ አለችና ጻፈች። ስለ ዘይቱ ጠየቀቻት፣ ስለ ስኳሩ፣ ፍራፍሬ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚገዛ። ሃዎ እንደ ቀበሌ ጥያቄ በአጭር በአጭሩ መለሰች። እራት ብዙውን ጊዜ ሩዝ ነው፤ አንዳንዴ ፓስታ። ሥጋ ሲገኝ የፍየል።

«በአንድ እራት ምን ያህል ሩዝ ይቀቀላል?»

«ሦስት ኩባያ።»

«ኩባያው ምን ያህላል?»

ሃዎ በሁለት እጇ አሳየቻት። ነጩ የቆርቆሮ ኩባያ ነው፤ አፉ ላይ ቀለሙ የተላጠ፣ ዓብዱልአዚዝ ሥራ ቦታ ውሃ ይጠጣበት የነበረ። በተጋቡ በሳምንቱ «ለአንድ ሰው አንድ ኩባያ፤ ከዚያ በላይ ድሬ ውስጥ ሆድ የለም» ብሎ ሰጥቷት ነበር። ይህን ለዚነት አልነገረቻትም። «ለአንድ ሰው አንድ ነው ልኩ» አለች ብቻ።

እርሳሱ ቆመ። ዚነት ገጹን ወደ ላይ ሄዳ የጻፈችውን አየች፤ ከዚያ ሃዎን አየች።

«ሁለት ነን ነው ያልሽኝ።»

«ሁለት ነን።»

«ሦስተኛውን ማን ይበላዋል?»

ይህ ጥያቄ ወረቀቱ ላይ አልነበረም። ሃዎ ወደ መስኮቱ ዞረች። ጥላው ዞሮ እናቶቹ ልጆቻቸውን እየታቀፉ ቦታ እየለወጡ ነበር።

«ምግብ አይደፋም» አለች።

ሌላም ልትጨምር ትችል ነበር። ሩዙን ትሪው ላይ ስትገለብጥ እጇ ሳታዘው በሦስት በኩል እንደሚከምረው፣ ሥጋው ከተገኘም የተሻለው ቁራጭ በግድግዳው በኩል፣ በባሏ ቦታ፣ እንደሚውል ልትነግራት ትችል ነበር። ኢዲል ወደ ውስጥ እስክትገባ ጠብቃ፣ የራሷን ጨርሳ፣ ትንሽ ቆይታ ትሪውን ወደ ራሷ እንደምታዞረውም። ኢዲል የተወችው ለነገ ምሳዋ ይቆያል። ለጎረቤት መስጠት ይቻላል፤ ኑርቶ የላከችላትን ያህል እሷም መላክ አያቅታትም። ነገር ግን የሰውን ድርሻ በሳህን ከድኖ ከቤት ማውጣት፣ ባለቤቱ ከእንግዲህ አይመጣም ማለት ነው። በእጅ መጉረስ ይቀላል። ሁለት ዓመት ሙሉ በየማታው፣ ሳትራብ፣ አንድ ኩባያ። ሰፈሩ ሀዘኑ ተስማማት ያለው ይህን ነው።

ዚነት እርሳሱን አስቀመጠች። ይህ በቅጹ ላይ በየትኛው ሳጥን እንደሚገባ አላወቀችም፤ ሳጥኑንም አልፈለገችም። ተነስታ ከማቀዝቀዣው ውሃ ቀድታ ሰጠቻት፤ የቀረውን ሳምቡሳ በወረቀት ጠቅልላ በግድ እጇ ውስጥ አደረገችው። ሃዎ ውሃውን እስከ መጨረሻው ጠጣች።

«እኔ ሐኪም አይደለሁም» አለች ዚነት። «ወረቀት ነው የምሞላው። የልጅቱን ነገር እኔ አላውቅም፤ እሷን ጠይቂያት። ኩባያው ግን ያለው ባንቺ እጅ ነው።»

ሃዎ ወደ ቤቷ ስትመለስ ከተማው ለቀትር ተዘግቶ ነበር። ሱቆቹ መዝጊያቸውን ግማሽ አውርደዋል፤ ኑርቶ ጆንያዋን ተደግፋ አንቀላፍታለች። ሃዎ ቀስቅሳት ሁለት ኪሎ ተኩል አለቻት። «ሁለት ኪሎ ተኩል?» አለች ኑርቶ ዓይኗን እያሸች፤ «ጂኒው ሄደ?» ሃዎ «ሄደ» አለች። ኑርቶ መዘነችላት፤ ሚዛኑ ከተስተካከለ በኋላም አንድ ጭብጥ ጨመረችላት።

ከሰዓት በኋላ፣ አስር ሰላት ሰግዳ፣ ኩባያውን ከምስማሩ አወረደችው። አንድ ለክታ ድስቱ ውስጥ አደረገች። ሁለት። ሦስተኛውን እጇ ራሱ ሞልቶ ድስቱ አፍ ላይ አደረሰው፤ እዚያ ላይ ቆመች። ከዚያ መልሳ ሩዙን ወደ ጆንያው አፈሰሰችው፤ እንደ ደረቅ ዝናብ ድምፅ አሰማ። ያጠበችው ሩዝ ከድስቱ ሥር ብቻ ነው የታየው፤ ውሃ ስትጨምርበት ደግሞ ጭራሽ አነሰባት። እንግዳ ቢመጣ ምን ይለኛል ብላ አፈረች። ሄልና ከሙን ጨመረች፣ የፍየሉን ሥጋ ለሁለት ከፈለችው፣ ዳጣውን ወቀጠች፣ ሎሚ ቆረጠች። ሁሉንም እንደ ወትሮው አደረገች፤ እጆቿ ግን ቶሎ ሥራ እየፈቱ ጭኗ ላይ ይቀመጡ ነበር።

ኢዲል የመግሪብ አዛን ሲጠራ መጣች። ፀጉሯ ላይ የጨርቅ ብናኝ ነበረባት። የእናቷን ግንባር ሳመች፣ ፊቷን ታጠበች፣ ሁለቱም ሰገዱ። ሃዎ ትሪውን ከግድግዳው አውርዳ ምንጣፉ ላይ ዘረጋችው፤ ድስቱን ግን ገና አልከፈተችም።

«በልቻለሁ ሆዮ» አለች ኢዲል ወደ ውስጠኛው ክፍል እየሄደች።

«ጠዋት ሰምቻለሁ» አለች ሃዎ።

ኢዲል መጋረጃውን እንደያዘች ቆመች። «ምኑን?»

«ሁሉንም። ከዚያም ዚነት ጋ ሄጄ እንድታጠፋው ለመንኳት።»

«ጤና ጣቢያ? በዚህ ጉልበት? በዚህ ሙቀት?» ኢዲል ልትስቅ አፏን ከፈተችና ሳይሆንላት ቀረ። «ምን አለችሽ?»

«እምቢ አለች። ስሚኝ፤ እንደኔ እንዳትሆኚ መፍራትሽ አላስከፋኝም። እኔም እፈራልሻለሁ። እንደ እኔ ሁኚ የሚል ዱዓ አድርጌልሽ አላውቅም። ግን ሳትበዪ አትደሪ። እኔን እያየሽ መብላት ከከበደሽ እኔ ጓዳ እሆናለሁ። ብቻሽን ብዪ። ስትጨርሺ ጥሪኝ።» ይህን ብላ እውነትም ልትነሳ አንድ እጇን መሬት ላይ አደረገች።

«ሆዮ ተቀመጪ። አንቺን ፈርቼ አይደለም።»

«እንዲያ ነው ያልሽው።»

«ምን ልበል? ምክንያት ብላ አራት ነገር ዘረዘረችልኝ። ‹ሌላ› ብል ደግሞ ወረቀቱ ‹ይግለጹ› ይላል።» ኢዲል መጋረጃውን ለቀቀችው። «ምን ብዬ ልግለጽ?»

ልጅቱ መጥታ ከትሪው ራቅ ብላ ተንበረከከች፤ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አደረገች። በግድግዳው በኩል ያለውን ባዶ ቦታ አየች፤ ስትናገርም ወደዚያው እያየች ነበር።

«የአባቴን ድርሻ በሱ በኩል ታደርጊያለሽ። ከዚያ እኔ እስክነሳ ትጠብቂያለሽ። አንድ ማታ ውሃ ልጠጣ ስመጣ ከመጋረጃው ኋላ አየሁሽ። እያለቀስሽ አልነበረም እኮ፤ ብታለቅሺ መጥቼ አቅፍሽ ነበር። ዝም ብለሽ ትጎርሻለሽ፣ እንደ ሥራ። ምን ማድረግ እንዳለብኝ አላወቅሁም። ተመልሼ ተኛሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ እዚህ ትሪ ላይ ስቀመጥ መጉረስ ያቅተኛል። ፋብሪካም ሆኜ ምሳ ሰዓት ሲደርስ አንቺ ብቻ ነሽ የምትታዪኝ።»

ከጎረቤት ሬዲዮ ይሰማል፤ አንድ ሰው ቆርቆሮ በር ዘጋ። ሃዎ ብዙ ልትላት የምትችለው ነገር ነበረ። ከሁለት ዓመት በፊት ጀምሮ ያለውን ሁሉ። ነገር ግን እጇ ወደ ድስቱ ሄደ፤ ክዳኑን አነሳችና ሩዙን ገለበጠችው። ትሪው ላይ ሁለት ክምር ሆነ። እንፋሎቱ በመካከላቸው ወጣ። ኢዲል ትሪውን አየች፣ ድስቱን አየች፤ ድስቱ ባዶ ነበር።

«ስንት ለካሽ?»

«ሁለት።»

ኢዲል በጉልበቷ እየተራመደች ወደ ትሪው ተጠጋች። የተቀመጠችው ግን በድሮ ቦታዋ አልነበረም። ሦስት ሆነው ሲበሉ ከእናቷ ጎን ነበር ቦታዋ፤ አሁን ትሪውን ትንሽ ሳብ አድርጋ ከእናቷ ፊት ለፊት፣ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀመጠች። ቢስሚላህ አለች። የመጀመሪያውን ጉርሻ ስትውጥ ዓይኗን ጨፈነች፤ ሁለተኛውን ግን እንደ ጤነኛ ሰው ዋጠችው። ሃዎ ዳጣውን ወደ እሷ ገፋችላት። ኢዲል ከራሷ ሥጋ ቦጭቃ በእናቷ በኩል አደረገች፤ ሃዎ መለሰችላት፤ ኢዲል እንደገና መለሰችው፤ በመጨረሻ ሥጋው መሃል ላይ ቀረና ሁለቱም ሳቁ። ስለ ቡድን መሪዋ አወራች። ስለ ባጃጁ ሹፌር ስትሰማ ሳል እስኪይዛት ሳቀች።

ትሪው ላይ ከሥሩ የተሳለ ጽጌረዳ አለ፤ ቀይ አበባ ከሁለት ቅጠል ጋር። ሩዙ ሲያልቅ ቀስ በቀስ ወጣ። ሃዎ ትሪውን በየማታው ታጥበዋለች፤ አበባውንም ታየዋለች። ሁለት ሰው እየበላ ሲወጣ ካየችው ግን ዓመት አልፎ ነበር። ኢዲል የቀሩትን ፍሬዎች በጣቷ እየሰበሰበች አነሳቻቸው። ከዚያ አንገቷን አስግጋ ድስቱ ውስጥ አየች።

«ነገ ሁለት ተኩል አድርጊው» አለች።

ሃዎ ቀና አለች። «ግማሹ ለማን ነው?»

«ለኔ ነዋ» አለች ኢዲል። «ርቦኛል።»